ከማሉዲን ወደ አረቄ ቤት የከፈተው መስኮት

ከማሉዲን በሕይወቱ አንዲት መለኪያ አረቄ ቀምሶ አያውቅም። ይህ ከሁሉ በፊት ይነገርልኝ፤ ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ የሚጀምረውም የሚያልቀውም አረቄ ቤት ነውና። ስድሳ ዓመት የተጠጋው፣ ጢሙን ሒና የሚቀባ፣ በር ሲገባ ከራሱ ሆዱ የሚቀድም ሰው ነው። በጎንደር አዲስ ዓለም ጫፍ፣ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሰፈር በአንድ ቦይ በሚዋሰኑበት ቦታ፣ ከአባቱ የወረሰው የብርድ ልብስና የጋቢ ሱቅ አለው። ሱቁ ከፊት፣ መጋዘኑ ከመሐል፣ መኖሪያው ከኋላ ነው።

ጠባዩን ባጭሩ ለመንገር ሥጉ ነው። እንግዳ ሲመጣበት "በልተሃል ወይ?" ይላል፤ "በልቻለሁ" ሲሉት "ምን በላህ?" ብሎ ይጨምራል። ብርድ ልብስ የገዛ ሰው ከሱቁ ሲወጣ እስከ መንገድ ተከትሎ እግርህን ሸፍነህ ተኛ ብሎ ይመክረዋል። ሚስቱ ራቢዓ፣ ይህ ሰው የጎንደርን ሕዝብ ሁሉ እሱ የወለደው ይመስለዋል እያለች ታማዋለች። እሷም ብትሆን ያገባችው ለዚሁ ጠባዩ ነው፤ ይህን ግን ለማንም አትናገርም።

የመጋዘኑ የግራ ግድግዳ የእሱ ብቻ አይደለም። በወዲያ በኩል የአበቡ አረቄ ቤት አለ። አበቡ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው አረቄ እያወጣች ነው፤ ቆፍጣና ሴት ናት፣ ሰው አይጮኽባትም። ግድግዳው ጭቃ ነውና ምሥጢር አይቋጥርም። እነሱ የከማሉዲንን ቁርኣን፣ እሱ የእነሱን ዘፈንና ጠብ ሲሰሙ ኖረዋል። ረመዷን ሲገባ አበቡ ጠጪዎቿን ድምፃችሁን ቀንሱ ትላለች፤ ፋሲካ ሲደርስ ከማሉዲን ጋቢ ይልክላታል። እንዲህ ሆነው ተከባብረው በኖሩበት ነው ነገሩ የመጣው።

ነገሩን ያመጣው የበላቸው ሞት ነው። በላቸው ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት ማኪናውን የሚዘረጋው ከማሉዲን በረንዳ ላይ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት። ቀኑን ሙሉ ሲቀላለዱ ይውሉና አመሻሽ ላይ በላቸው ወደ አበቡ፣ ከማሉዲን ወደ ሶላቱ ይሄዳሉ። አንድ የክረምት ቅዳሜ በላቸው ከልክ አለፈና መደቡ ላይ ተዘረረ። ጠጪዎቹ እንደ አገሩ ደንብ ክብሪት አምጡ ተባባሉ። ክብሪቱን ጭረው ጭሱን ባፍንጫው አሸተቱት፤ አንዱ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቱ ላይ ደፋበት። በላቸው ትንሽ ተወራጨ። ደህና ነው፣ ይተኛበትና ይወጣለታል ተባለ። ከማሉዲንም ጫጫታውን ሰምቶ ከሱቁ ምርጡን ብርድ ልብስ ላከለት። በጀርባው አንጋለው፣ እስከ አንገቱ ሸፍነው፣ ሁሉም ወደየመለኪያው ተመለሰ። አበቡ ቤቷን ልትዘጋ ስትቀሰቅሰው በላቸው አልሰማም። ትውከቱ ጉሮሮውን ዘግቶት ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ትምህርቱ የመጣው ለቅሶ ቤት ነው። የአበቡ የእህት ልጅ ዝማሬ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ አልቅሳ ስታበቃ ተቆጣች። ክብሪት የሰከረ ሰው አያነቃም አለች። ውሃውም ብርድ ከመጨመር በቀር ምንም አይሠራም። በጎኑ ማስተኛት፣ ስሙን እየጠሩ ማናገር፣ ትንፋሹን ማየት፣ ካልመለሰ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ብቻውን አለመተው። ከዚያ በትምህርት ቤት ሳለች የሰማችውን አወራችላቸው። በውጭ አገር አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ እየወሰዱ የሚደነዝዙ ሰዎች በየሽንት ቤቱና በየድልድዩ ሥር ብቻቸውን ሲሞቱ አንዳንድ ከተሞች ቤት ከፈቱላቸው። ነርስ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ዕፁን አትሰጣቸውም፣ አትገዛላቸውም፤ ትጠብቃቸዋለች ብቻ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ትደርስላቸዋለች።

ለቅሶ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በዚህ ተገረሙ። ቁጭ ብላ ታያቸዋለች ወይ ብሎ አንዱ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ሌላው ያ አገር መካሪ አጥቷል አለ። ከማሉዲን ግን ነገሩን በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ያን ሰሞን ምግብ አልጥም አለው። በላቸው የሞተው በሰው መሐል ነው፤ ግራና ቀኙ ሰው ነበር፤ ብርድ ልብስ እንኳ አልጎደለውም። አንድ ሰው ዞር ብሎ ስሙን ቢጠራው ኖሮ ዛሬ በረንዳው ላይ ይሰፋ ነበር። ይህ ነገር እንደ እሾህ ወጋው።

የበላቸው አርባ እንዳለፈ ከማሉዲን አበቡን ጠጪዎችሽን እኔ ልጠብቃቸው አላት። አበቡ መጀመሪያ የሐዘን ቅዠት መሰላት። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ሙስሊም ሰው አረቄ ከሚጠጣበት ማዕድ አይቀመጥም። ከማሉዲን በዚህ ላይ ብዙ አሰበና መፍትሔውን ግድግዳው ላይ አገኘው። በመጋዘኑና በአረቄ ቤቱ መሐል መስኮት ይከፈታል፤ እሱ በራሱ ቤት፣ በራሱ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ብቻ ወደዚያ ይሻገራል።

ግድግዳውን የቦረቦረው ወልደኢየሱስ ነው። ድሮ የቅኔ ተማሪ ነበር፤ አሁን ግንበኛ ነው፤ አንድ ሁለት ካለ በኋላ ግን ተማሪነቱ ይነሣበታል። የአበቡ ደንበኛም ነውና ለራሴ ጠባቂ መስኮት እየከፈትኩ ነው ብሎ ሲስቅ ዋለ። ከእንጨት ሸጋ አድርጎ ክፈፉን ሠራለት። ከማሉዲን መጠኑ አንሷል ብሎ ቢከራከርም ወልደኢየሱስ ግድግዳው ይናዳል ብሎ እምቢ አለ።

ከዚያ ወዲህ ከማሉዲን የከሰዓት በኋላውን የዓስር ሶላት ሰግዶ ሻዩን ይዞ መስኮቱ ዘንድ ይቀመጣል። ሻዩን ፉት ይልና ስም ይጠራል። ጠጪው "አቤት" ማለት አለበት። ፈጥኖ አቤት ያለ ደህና ነው። ጎትቶ አቤት ያለ ውሃ ይሰጠዋል። ዝም ያለ እንደሆነ ከማሉዲን ሻዩን ያስቀምጣል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይነሣል፤ ሰውየው በጎኑ ይገለበጣል፣ ዝማሬ ዘንድ ይደወላል። ወልደኢየሱስ አቤት ማለት ያንሰኛል ብሎ በግእዝ "ሀለውኩ" ይላል። ከማሉዲን ትርጉሙን ጠይቆ "አለሁ" ማለት መሆኑን ሲሰማ ደስ አለው።

አበቡም በበኩሏ ደንብ አወጣች። ባዶ ሆድ መጠጣት ቀረ፤ ቆሎም ይሁን ንፍሮ ያልቀመሰ መለኪያ አይቀርብለትም። እጠጣልሃለሁ ትጠጣልኛለህ የሚል ውርርድ ቀረ። የወጣ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ይወጣል። የአንዱ ጠጪ ሚስት ደግሞ ባሌ ቤት ውስጥ ስጠራው አቤት ማለት የጀመረው ከአያ ከማል ወዲህ ነው ብላ ከማሉዲንን ሱቁ ድረስ መጥታ መረቀችው።

ይሁን እንጂ ደግ ሥራ ያለ ወቃሽ አይሆንም። የደብሩ ካህን ቄስ ኪዳነወልድ ሱቁ በር ላይ ቆሙና ቅሬታቸውን ነገሩት።

"አያ ከማል፣ ይህ ማደፋፈር ነው። ጠባቂ አለን ብለው ይብስባቸዋል።"

"አባ፣ የሞተ ሰው ንስሐ አይገባም" አላቸው ከማሉዲን። "እኔ በሕይወት ላቆይልዎ፤ ንስሐውን እርስዎ ያስገቡ።"

ቄሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከመስጊዱ የመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ሌላ ምርመራ አደረጉ። አንደኛው በከዘራው ከበርጩማው እስከ መስኮቱ ለካና ከማሉዲን በራሱ ግቢ መቀመጡን አረጋገጠ። ከዚያ ሁሉም ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ከአበቡ ቤት ሬሳ መውጣቱ ቀረ፤ ሰፈሩም ነገሩን ለመደው። ብዙዎቹ መጠጣቱን አልተዉም፤ አንዳንዱ ቀነሰ፤ ሁሉም ግን በሕይወት ነበሩ።

እዚህ ላይ ያስሚን ትመጣለች። ያስሚን የከማሉዲን አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት። ኮሌጅ ሳለች የማክሰኝቱ የእህል ነጋዴ የሐጂ ኡዘይር ልጅ አኒስ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። አኒስ ጭምትና ሸጋ ልጅ ነው፤ ራቢዓ ገና ሳታየው በስሙ ብቻ ወደደችው። ሐጂ ኡዘይር ግን ቤተሰብ ሳያጣሩ የሚዛመዱ ሰው አይደሉም። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምትኖር ፈህሚያ የምትባል እህት አለቻቸው፤ የልጅቱን አባት ነገር ጠይቂልኝ ብለው ላኩባት።

ፈህሚያም ጠየቀች። የጠየቀቻቸው ሰዎች ሁሉ ከማሉዲንን የሚወዱ ነበሩ፤ ጥፋቱም ከዚህ መጣ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ ከማሉዲንን የፈለገ ሰው አመሻሽ ላይ አበቡ አረቄ ቤት አያጣውም አለቻት። አንድ የባጃጅ ሹፌር እሱ የሌለ ቀን ቤቱ አይደምቅም አላት። ፈህሚያ ደንግጣ ሦስተኛ ሰው ፈለገች፤ ያገኘችው ከአበቡ ደንበኞች አንዱን ነው። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መሰከረላት።

"እመቤቴ፣ አያ ከማል ከሌለ እኛ አንጠጣም።"

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላል ያገራችን ሰው፤ ፈህሚያ ግን የጨመረችው እንባ ነው። የልጅቱ አባት የጎንደር ጠጪዎች አለቃ ነው ብላ ለወንድሟ ደወለች። ከማክሰኝት መልስ መጣ፤ ሽማግሌ መላኩ ለጊዜው ይቆይ የሚል ነበር። ያስሚን ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ምሳ ሳትበላ ተኛች።

ራቢዓ ባሏን ያን ጊዜ ያዘችው። እስካሁን የታገሠችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አወጣችው። የሰው ልጅ ስም ስትጠራ የራስህን ልጅ ስም አጠፋህ አለችው። እንደ እውነቱ ከሆነ እሷም አልተሳሳተችም፤ በሴት ልጅ ዕድል የሚቀልድ አባት የለም። የራቢዓ ወንድም ማክሰኝት ድረስ ሄዶ ከማሉዲን የማይጠጣ ሰው መሆኑን በአላህ ስም ማለ። ሐጂ ኡዘይርም እንግዲያው ሽማግሌ ይዤ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ አሉ። ራቢዓ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ኒካሑ እስኪታሰር መስኮቱ ይዘጋ።

ከማሉዲን እሺ አለ። አበቡን ለመናት፣ ጠጪዎቹንም በየስማቸው ተሰናበታቸው። የልጅ ነገር ነው ብለው አልተቀየሙትም፤ ወልደኢየሱስ እንዲያውም ለሙሽራይቱ ቅኔ እቆጥራለሁ አለ። ከዚያ ከማሉዲን የብርድ ልብስ እስር በእስር ላይ እየቆለለ መስኮቱን ደፈነው። ዓስር ሲደርስ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ጆሮውን ወደ እስሩ ያስጠጋል፤ ይነሣል፤ ደግሞ ይቀመጣል። ሻዩ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝበታል።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በላቸው በሞተ በዓመቱ፣ በፍልሰታ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ሐጂ ኡዘይር ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሰው ናቸው። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ፤ ፈህሚያ ወደ ሴቶቹ ጓዳ አለፈች። እንደ ወጉ ጨዋታው ከዝናብ ተጀመረ፤ ከዝናብ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ መንገዱ ሄደ። ስለ ልጅቱ ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ቶሎ መናገር ነውር ነው። ሐጂ ኡዘይር ግን እየተጫወቱ የከማሉዲንን ዓይንና እጅ ያያሉ፤ ሲጠጋቸውም አየር ይስባሉ፤ የአፉን ሽታ እየፈለጉ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

በግድግዳው ወዲያ ጫጫታ ይሰማል። ከማሉዲን አንድ ዘፈን በተነሣ ቁጥር ይስላል። ራቢዓ ከጓዳ ሆና በላይ በላዩ ሻይ ትልካለች። ድንገት ዘፈኑ ተቋረጠ። ከማሉዲን መሳሉን ተወ። ፀጥታው ትንሽ ቆየና አንድ ሰው፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ክብሪት አምጡ እያለ መጮህ ጀመረ።

ከማሉዲን ሻዩን አስቀመጠ። ሐጂ ኡዘይር ስለ ማሽላ ዋጋ የሚያወሩትን አላቋረጡም። ተነሥቶ ቢሄድ የልጁ ነገር አበቃ፤ እዚያ ወዲያ ደግሞ በላቸው እንደ ገና እየሞተ ነው። ያስሚን የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷም ጩኸቱን ሰምታለች። በእንግዳ ፊት ልጅ አይናገርም፤ እሷ ግን ተናገረች።

"አባየ፣ ሂድ።"

ከማሉዲን በሶፋውና በሽማግሌዎቹ ጉልበት መሐል ሾልኮ ወደ መጋዘኑ ሮጠ። የብርድ ልብሱን እስር ግራና ቀኝ ወረወረ። በመስኮቱ ሲያይ መደቡ ላይ የተዘረረው ወልደኢየሱስ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ከቅዳሴ እንደወጣ፣ በዝናብ በስብሶ፣ ብርዱን ላባርር ብሎ በባዶ ሆዱ ደጋግሞ ነበር። አበቡ ጓዳ አረቄ እያወጣች ስለነበር እህል ቅመስ የሚለው አላገኘም፤ ስሙን የሚጠራውም አልነበረም። አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው የውሃ ጆግ አንሥቷል።

"ውሃውን ተው!" ብሎ ከማሉዲን ራሱን በመስኮቱ አስገባ። ትከሻው አለፈ። ሆዱ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይመለስ፤ ግማሹ አረቄ ቤት፣ ግማሹ መጋዘን ሆነ። ሐጂ ኡዘይር ምን ጉድ መጣ ብለው ተከትለውት ደርሰው ነበር። ያዩት የልጅቱን አባት እግሮች ናቸው። ለትንሽ ጊዜ ቆመው አሰቡ። ከወዲያ ማዶ ከማሉዲን ሰው ሊሞት ነው እያለ ሲለምን ሰሙ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢስሚላሂ ብለው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ገፉት።

ከማሉዲን ከመስኮቱ ወደቀ፤ ሳይነሣ በጉልበቱ እየዳኸ ደረሰ። ወልደኢየሱስን በጎኑ ገለበጠው፣ አፉን በጣቱ ጠረገለት፤ ትውከቱ ለሽምግልናው የለበሰው ነጭ ጀለቢያ ላይ ፈሰሰ። ትንፋሹ አለ፤ ግን ይመጣል፣ ይጠፋል። አበቡ ከጓዳ ደርሳ ለዝማሬ ደወለች፤ ዝማሬ በፍጥነት አምጡት አለች። ባጃጅ መጥራት ያስፈልጋል፤ ከማሉዲን ዙሪያውን ቢያይ እጁ የጸና ሰው የለም። ጠጪዎቹ ሁሉ ሰክረዋል፤ አበቡም ስልኩን ይዛ ዝማሬ የምትላትን ትሰማለች። በመስኮቱ ቀና ብሎ ሐጂ ኡዘይርን አያቸው።

"ሐጂ፣ እዚህ ያልሰከረ ወንድ የለም። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይድረሱልኝ።"

ሐጂ ኡዘይር ሆዳቸው የከማሉዲንን አያህልም፤ ቢሆንም በመስኮት አልገቡም። በዝናቡ ዞረው፣ ሰፈሩ ሁሉ እያያቸው፣ በአበቡ በር ገቡ። ከማሉዲን የወልደኢየሱስን ራስ እጃቸው ላይ አኖረው። እንዲህ በጎኑ ይያዙት፣ ስሙን ይጥሩ፣ ዓይንዎን ከደረቱ አያንሡ ብሏቸው ወደ መንገድ ወጣ።

ባጃጁ ጭቃው ይዞት እስከ በሩ ለመድረስ ቆየ። ከማሉዲን ከኋላ እየገፋ አመጣው። በሩ ላይ ሲደርስ ያየውን ግን እስከ ዛሬ አይረሳውም። ሐጂ ኡዘይር አረቄ ቤቱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ኩታቸውን ከወልደኢየሱስ ጉንጭ ሥር አንጥፈዋል። መጀመሪያ "አንተ ሰውየ" እያሉ ሲጠሩት አበቡ በስሙ ካልሆነ አይሰማም ብላቸው ነበርና፣ የማክሰኝቱ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸው እየሻከረ፣ "ወልደኢየሱስ! ወልደኢየሱስ!" ይላሉ። ጠጪዎቹ ቆባቸውን አውልቀው ዙሪያውን ቆመዋል።

ወልደኢየሱስ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ላይ ያጎነበሰ ነጭ ጥምጣምና ረጅም ጢም አየ። ቅዳሴው ገና ያልወጣለት ይመስል እጁን ለመዘርጋት ሞከረ።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አለ።

ሐጂ ኡዘይር ወደ ከማሉዲን አዩ፤ ወደ አበቡም አዩ። የሚረዳቸው አልነበረም።

"አላህ ይፍታህ፣ ልጄ" አሉት።

ሳቁን መጀመሪያ የለቀቀችው አበቡ ናት፤ እንባዋን በመቀነቷ እየጠረገች። ወልደኢየሱስን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ባጃጁ ላይ አስደገፉት፤ አበቡ ይዛው ሄደች። ዝማሬ ጉሉኮስ ተክላለት፣ ገላውን አሙቃለት፣ በማግሥቱ ተነሥቶ ተቀመጠ። ማን እንደፈታው ሲነግሩት ግን ለረጅም ጊዜ አላመነም።

ባጃጁ ከሄደ በኋላ ሐጂ ኡዘይር ከመሬቱ አልተነሡም። ከማሉዲን አጠገባቸው ተቀመጠ። ይቅርታ ሊለምን ነበር፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ጀለቢያው፣ ስለ መስኮቱ የሚናገረው ነገር ነበረው። ቀደሙት።

"ትንፋሹ አንድ ጊዜ ቀረ" አሉት። "ያን ጊዜ የኔም ቀረ። እንደ ገና ሲመጣ ነው እኔም የተነፈስኩት።" ከማሉዲን እጃቸውን ያዘው። ይህን ሁልጊዜ ትሠራለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ብዙ ጊዜ ስም መጥራት ብቻ ነው አላቸው፤ እንዲህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ለእርስዎ ስል መስኮቱን ዘግቼው ነበር ብሎም እውነቱን ነገራቸው። ሐጂ ኡዘይር ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያን ጊዜ ፈህሚያ ደረሰች። ወንድሜ የት ገባ ስትል ቆይታ ሰፈሩ ጠቁሟት ነው የመጣችው። በአበቡ በር ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያይ ነበር። ፈህሚያ ሰውን ገፋ ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ ሐጂ ወንድሟን ከአረቄ ጠጪዎች መሐል፣ ጥምጣማቸው ወደ ጆሯቸው ተንሸራቶ፣ ልብሳቸው አረቄ አረቄ እየሸተተ፣ የሰካራሞች አለቃ ያለችውን ሰው እጅ ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ፈህሚያ" አሉ ሐጂ ኡዘይር፣ "እንግዲህ እኔም አረቄ ቤት ታየሁ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ማክሰኝት ይገባል። አሁን እነሱ ልጃችንን አንሰጥም ቢሉን ምን ይውጠናል? ነይ፣ አብረን ገብተን እንለምናቸው።"

ከማሉዲን መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ እንባ ሆነበት፤ ስለ ልጁ ይሁን ስለ በላቸው እሱም አልለየውም። በመስኮቱ ወዲያ በኩል ራቢዓ እስሮቹን ከወደቁበት እያነሣች ከመስኮቱ ርቆ ካለው ግድግዳ ሥር ትደረድር ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው አለች።